ቅሬው ከድንኳኑ በፊት

በወሎ ቅሬ የምንለውን፣ በሌላው አገር እድር የሚባለውን ማኅበር ለአንባቢ ማስተዋወቅ አያስፈልገኝም። ሰው ሲሞት ጡሩንባ የሚያስነፋው፣ ድንኳን የሚተክለው፣ መቃብር የሚያስቆፍረው፣ ለሐዘንተኛው ቤት እህል ውሃ የሚያቀርበው እርሱ ነው። ደሴ ውስጥ፣ ከጦሳ ተራራ ሥር ባለው ሰፈራችን፣ ክርስቲያንና ሙስሊም በአንድ መዝገብ የሚጻፍበት ቅሬ ጸሐፊ በመሆኔ መተዳደሪያ ደንቡን አንቀጽ በአንቀጽ አውቀዋለሁ። ደንቡ ስለ ሟች ብዙ ይናገራል፤ ለቀብር ያልወጣ አባል ስንት እንደሚቀጣ፣ ድንኳኑ ስንት ቀን እንደሚቆም፣ ወንበሩና ድስቱ በማን ፊርማ እንደሚወጣ፣ ሟቹ የአባል አማት ሲሆን የሚከፈለው ገንዘብ ለአባሉ እናት ከሚከፈለው በምን እንደሚለይ ሳይቀር ተዘርዝሮበታል። አልጋ ላይ ወድቆ ሞቱን ስለሚጠባበቅ ሰው፣ እርሱንም ቀንና ሌት ስለምታስታምም ሚስት ወይም ልጅ ግን አንድም ቃል አይናገርም።

ጉድለቱ የእኛ ቅሬ ብቻ አይመስለኝም። «ከሞቱ አሟሟቱ» እያልን የምንተርት ሰዎች ጉልበታችንንም ገንዘባችንንም የምናፈስሰው ሞቱ ላይ ነው፤ አሟሟቱን ለቤተሰቡ ትተንለታል።

ነገሩን በቅርብ ያየሁት በታላቅ እህቴ ነው። የጡት ካንሰር በአገራችን ሴቶች ላይ ከሌሎቹ ካንሰሮች ሁሉ በብዛት የሚታየው ነው፤ የእርሷም እንደ ብዙዎቹ ዘግይቶ፣ ወደ አጥንቷ ከተሠራጨ በኋላ ታወቀ። አራት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል እየተመላለሰች አዲስ አበባ ታከመች። በመጨረሻ «ከዚህ በኋላ የምናደርግላት ነገር የለም፤ ቤት ወስዳችሁ አስታሟት» ተባልን። ካንሰሩን ለማጥፋት የሚደረግ ነገር አለመኖሩ እውነት ነበር። ሌሊት ሌሊት የሚያስጮኻትን የጀርባ አጥንት ሕመም ለማስታገሥ፣ የተከፈተውን የጡት ቁስል ለማከም፣ እርሷንም እኛንም ለሚመጣው ለማዘጋጀት የሚደረገው ሥራ ግን ገና አልተጀመረም ነበር። በአውቶቡስ ይዘናት ስንመለስ በእጃችን የነበረው የፓራሲታሞል ብልቃጥ ብቻ ነው። አንድን ቤተሰብ እንዲህ አድርጎ መሸኘት፣ የሰው እጥረቱንና የታካሚውን ብዛት እያወቅሁም ቢሆን፣ ተገቢ ነው ለማለት ይከብደኛል።

ይህንን የቀረውን ሥራ፣ የማስታገሻ እንክብካቤ (ፓሊየቲቭ ኬር) የሚባለውን፣ ራሱን የቻለ የሕክምና ዘርፍ እንዲሆን ያበቃችው እንግሊዛዊቷ ሲስሊ ሳንደርስ ናት። በነርስነት ጀምራ፣ በማኅበራዊ አገልግሎት ሠርታ፣ ኋላም ሐኪም ሆና፣ እ.ኤ.አ. በ1967 ለንደን ውስጥ ሴንት ክሪስቶፈርስ የተባለውን ሆስፒስ፣ የማይድኑ ሕመምተኞች እስከ መጨረሻው እንክብካቤ የሚያገኙበትን ተቋም፣ ከፈተች። የሚሞት ሰው ስቃይ የአካል ብቻ እንዳልሆነ፣ ጭንቀቱ፣ የልጆቹና የዕዳው ሐሳብ፣ ከፈጣሪው ጋር ያለው ጉዳይ ሁሉ ተደባልቆ እንደሚያመው አስተማረች፤ መድኃኒቱም ሕመምተኛው እስኪጮህ ሳይጠበቅ በሰዓቱ መሰጠት እንዳለበት በተግባር አሳየች። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1986 ባወጣው የካንሰር ሕመም ማስታገሻ መመሪያ ይህንኑ ሐሳብ ይዞ፣ መድኃኒቱ በተቻለ መጠን በአፍ፣ በተወሰነ ሰዓት፣ እንደ ሕመሙ ጥንካሬም ደረጃ በደረጃ ከቀላሉ ወደ ጠንካራው እያደገ እንዲሰጥ መክሯል። በአፍሪካ ምሳሌ የምትሆነው ዩጋንዳ ናት። አን ሜሪማን የተባለችው ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1993 ካምፓላ ውስጥ ሆስፒስ አቋቁማ፣ ከዱቄት የሚበጠበጥ በአፍ የሚጠጣ ርካሽ ሞርፊን፣ ጠንካራውን የሕመም ማስታገሻ፣ ማዳረስ ጀመረች፤ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ደግሞ የሠለጠኑ ነርሶች ሞርፊን እንዲያዝዙ በሕግ ተፈቀደ። ሐኪም በማይደርስበት ገጠር ይህ ምን ያህል ለውጥ እንደሚያመጣ ለወሎ ሰው ማብራራት አያሻም።

በእኛም አገር ሲስተር ጽጌሬዳ ይስፋወሰን እ.ኤ.አ. በ2003 አዲስ አበባ ውስጥ ሆስፒስ ኢትዮጵያን መሥርተው ሕመምተኞችን ከቤት ቤት እየዞሩ መርዳት ጀመሩ፤ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴርም እ.ኤ.አ. በ2016 ለዚህ እንክብካቤ አገር አቀፍ መመሪያ አውጥቷል። መመሪያ ወጣ ማለት ግን እንክብካቤው ሰፈራችን ደረሰ ማለት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በየዓመቱ ይህ እንክብካቤ ከሚያስፈልጋቸው 56.8 ሚሊዮን ሰዎች የሚያገኙት 14 በመቶ ያህሉ ብቻ ናቸው። በከተማችን ላይ ደግሞ የ2014 ዓ.ም. ጦርነት ተጨምሮ፣ የጤና ተቋማቱ ተዘርፈው ከባዶ ለመነሣት ተገደው ነበር።

እህቴን የደረሰችላት በሕመም ማስታገሥ የሠለጠነች አንዲት ነርስ ናት፤ ከሥራ ስትወጣ ዳገቱን በእግሯ እየወጣች ትመጣልን ነበር፣ ባጃጅ እኛ ሰፈር ድረስ አይወጣምና። ሐኪሙ በልዩ ማዘዣ የጻፈውን ፈሳሽ ሞርፊን ይዘን ቤት ስንገባ የገጠመን የመጀመሪያው ተቃውሞ ከራሳችን ወገን ነው። «ሞርፊን ከተጀመረ አለቀላት ማለት አይደለም?» ያለው ታናሽ ወንድማችን ነበር፤ አንዲት ዘመዳችን ደግሞ ሱስ እንዳይሆንባት ሰጋች። ነርሷ ሳትቸኩል አስረዳችን። ሞርፊን በትንሽ መጠን ተጀምሮ እንደ ሕመሙ ቀስ በቀስ ከተጨመረ ሞትን አያፋጥንም፤ ለሕመም በትክክል የተሰጠው ሰውም የሱስ ባሪያ ይሆናል ተብሎ አይፈራም። የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ቀናት እንቅልፍ እንቅልፍ ይላል፣ ያቅለሸልሻል፤ ይህ ያልፋል። የማያልፈው ድርቀቱ ነው፤ ስለዚህ ሆድ የሚያለሰልስ መድኃኒት ከሞርፊኑ ጋር አብሮ ካልታዘዘ ሕመምተኛው በሆዱ ተሠቃይቶ ሞርፊኑን ራሱ ይጠላዋል። ይህችን የመጨረሻዋን ነጥብ በማጣት ብቻ መድኃኒቱን ያቋረጡ ቤተሰቦች በሰፈራችን አሉ።

ልጇ በትምህርት ቤት ደብተር ላይ አምስት ዓምድ አሰመረች፤ ከጠዋቱ 12 ሰዓት፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት፣ ከቀኑ 8 ሰዓት፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት። የመጨረሻው ላይ መጠኑ እጥፍ ሆኖ ይሰጣል፤ ይህም ሕመምተኛውም አስታማሚውም እስከ ንጋት እንዲተኙ ነው። ፈሳሹ የሚለካው መርፌው በወለቀ ስሪንጅ ሲሆን፣ ከየሰዓቱ ጎን ሕመሟ ከዜሮ እስከ ዐሥር ስንት እንደሆነ ይጻፋል። እህቴ ቁጥር መጥራት ሲሰለቻት ጣቶቿን ከብርድ ልብሱ ሥር አውጥታ ታሳየን ነበር። መጀመሪያ ሁለቱንም እጆቿን ዘርግታ ታሳየን የነበረችው፣ ሳምንት ሳይሞላ ወደ ሦስትና አራት ጣት ወረደች። ነርሷ ስትመጣ ከሁሉ በፊት የምትጠይቀው ደብተሩን ነው፤ ሁለት ሌሊት በተከታታይ ቁጥሩ ከፍ ብሎ ስታይ ለሐኪሙ ደውላ መጠኑ እንዲጨመር ታደርጋለች። ያ ደብተር ባይኖር «ትናንት እንዴት አደረች?» ሲባል «ደህና ናት፣ ተመስገን» ብለን እንመልስ ነበር፤ የእኛ ሰው በሐኪም ሲጠየቅም ምስጋና ያስቀድማልና።

ስለ ቁስሉ መጻፍ ያስነውር ይሆናል፤ ነገር ግን ብዙ ቤት በሩን የሚዘጋው በሽታው ሳይሆን ሽታው ነው። የተከፈተ የካንሰር ቁስል ባክቴሪያ ገብቶበት ክፉኛ ይሸታል። እኛ እጣኑንና ሰንደሉን እየጨመርን ጭሱ ሕመምተኛዋን ያስላት ነበር፤ ጠያቂዎች በነጠላቸው ጫፍ አፍንጫቸውን ይዘው በር ላይ ቆመው ይመለሱ ነበር፤ እርሷም ይህን ታያለች። ነርሷ ቁስሉን ፈልቶ በበረደ የጨው ውሃ ካጠበች በኋላ በሐኪሙ ትእዛዝ የሜትሮኒዳዞል እንክብል ፈጭታ ነሰነሰችበት፤ ጨርቁንም በየቀኑ እንድንለውጥ አሳየችን። በየመድኃኒት ቤቱ የሚገኝ፣ ዋጋውም የማይከብድ እንክብል ነው። ጥቂት ቀናት ሳይቆይ ሽታው ጠፋ። ከዚያ በኋላ ቡናው እንደ ቀድሞው ከአልጋዋ አጠገብ ይፈላ ጀመር፤ ሙስሊሟ ጎረቤቷ ከአቦል እስከ በረካ እግሯ ሥር ተቀምጣ «አብሽሪ እህቴ» እያለች ስታጫውታት እህቴ የሰፈሩን ወሬ አንድ በአንድ ትጠይቃታለች። ከሞርፊኑ እኩል የጠቀማት ይህ ይመስለኛል።

ምግብ የሁሉም ቤት ጦርነት ነው። «ካልበላች ትሞታለች» በሚል አጥሚቱን በግድ ማጉረስ እንደ ፍቅር ይቆጠራል። ሰውነቱ ለመሄድ የተነሣ ሰው ግን እህል የሚያስጠላው ሰውነቱ ምግቡን መጠቀም ስላቆመ ነው፤ በግድ የገባው ወደ ሳንባ ሊወርድና ሊያንቅ ይችላል። የፈለገችውን፣ የፈለገችውን ያህል፣ በፈለገችበት ሰዓት መስጠት፣ አፏን በእርጥብ ጨርቅ ማራስ፣ ከንፈሯን ቫዝሊን መቀባት በቂ ነው። ወቅቱ ዐቢይ ጾም ስለነበር ወተት አልነካም ብላ ነበር፤ የንስሐ አባቷ መጥተው ለታመመ ሰው ጾም እንደማይጸናበት ነግረው ፈቱላት። ጎረቤታችንም በእነርሱ ዘንድ በረመዷን እንዲሁ መሆኑን ጨመረችላት።

ከሁሉ ይልቅ ያከራከረን ግን መንገር ወይም አለመንገር ነው። ልማዳችን ይታወቃል፤ ሐኪሙ ወንድሟን ወይም ባሏን ጎትቶ ወደ ውጭ ያወጣና ይነግረዋል፣ ቤተሰቡ ተማምሎ ይደብቃል፣ ሕመምተኛዋም እንዳላወቀች ትሆናለች። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ በሽታው ከራሷ ከሕመምተኛዋ ሲደበቅ ምን እንደሚባል የነገረን የለም። የእህቴ ልጆች እናታቸው ብትሰማ ልቧ ይሰበራል ብለው አለቀሱ። ነርሷ አልነገረቻትም፤ ጠየቀቻት እንጂ። «እናቴ፣ ስለ ሕመምዎ ምን ያህል ማወቅ ይፈልጋሉ? አንዳንድ ሰው ሁሉን ማወቅ ይወዳል፣ አንዳንዱ ለልጆቹ ይተዋል» አለቻት። እህቴም ወደ እኔ ዞራ «እኔ የተኛሁበትን አልጋ እናንተ ትነግሩኛላችሁ? ለእናንተ ብዬ ነው ዝም ያልሁት» አለች። እርስ በርስ ስንጠባበቅ ወራት አልፈው ነበር። ማወቅ የማይፈልግ ሰውም አለ፤ እርሱንም ማክበር ይገባል። ስለዚህ ነው ከመንገርም ከመደበቅም በፊት መጠየቁን የማስቀድመው።

ከዚያ ቀን በኋላ ቤቱ ውስጥ ብዙ ጉዳይ ተፈጸመ። ኑዛዜዋን ጻፈች። ሰው ጉሮሮው ሲዘጋ በጎረቤት ፊት የተናገረውን ቃል ይዞ ፍርድ ቤት መሟገት በከተማችን የተለመደ ነው፤ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ተጽፎና ተነቦ ወዲያው ካልተፈረመበት አይጸናም፤ በቃል ብቻ የተነገረ ኑዛዜ የሚያስፈጽመው ጥቂት ነገር ሲሆን ሦስት ወር ካለፈውም ይወድቃል። ሰው በአእምሮው ሙሉ ሳለ ካልጠየቁት ይህ ሁሉ አይሆንም። ኮምቦልቻ የሚኖር የሥራ ባልደረባዬ አባትም በሸሪዓው መሠረት ከሀብታቸው ከሲሶ የማይበልጠውን ለበጎ ሥራ ተናዝዘው፣ ዕዳቸውን አስቆጥረው፣ ከተጣሉት ወንድማቸው ጋር ዐውፍ ተባብለው ነው የሄዱት፤ ይህም የሆነው ስለ ሕመማቸው ቀድሞ ስለ ተነገራቸው ነው። እህቴ ቀንዲል ተቀባች፣ ቆረበች። የመጨረሻው ሳምንት ምን እንደሚመስል ነርሷ ቀድማ ነግራን ነበር፤ እንቅልፉ እንደሚረዝም፣ እግሯ እንደሚቀዘቅዝ፣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ ጉሮሮዋ እንደሚያንኮራፋ፣ ያን ጊዜ በጎኗ ማስተኛት እንደሚበቃ። ይህን ያላወቁ ቤተሰቦች በሌሊት ሕመምተኛውን በቃሬዛ ዳገቱን አውርደው ወደ ሆስፒታል ሲሮጡ መንገድ ላይ ያርፍባቸዋል። እኛ ቤታችን ተቀምጠን ሸኘናት።

ልጇ ግን ከዚህ ሁሉ የወጣችው ተጎድታ ነው። ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ የነበራትን ሥራ ለቅቃ፣ ሌሊት ለመገልበጥና ለማጠብ እየተነሣች ወራት ከረመች፤ ወገቧን እስከ ዛሬ ያማታል። ጡሩንባው በተነፋ ማግስት በድንኳኑ ውስጥ መቶ ሰው ተቀምጦ ሳይ፣ ከእነዚህ መካከል ሃያው ቀደም ብሎ በሳምንት አንዳንድ ሌሊት ቢያግዛት ኖሮ ምን ያህል ይቀልላት እንደነበር አሰብሁ። ሰው ጠፍቶ አልነበረም። ሁሉም የሚመጣበትን ሰዓት ደንቡ ከሞት በኋላ አድርጎት እንጂ።

በጠቅላላ ጉባኤ ሐሳቡን ሳቀርብ የቅሬው ዳኛ አልወደዱትም። «ሰውየው ሳይሞት ቅሬ ቤቱ ከደረሰ ሟርት ነው» አሉ፤ ብዙ ራሶችም ተነቀነቁ። ሌላው ስለ ገንዘቡ አነሣ፤ ለበሽተኛ ካወጣነው ለቀብሩ ምን ይቀራል አለ። የሁለቱም ሥጋት መልስ የሚገባው ነው። የሟርቱን ነገር የፈቱልን አንድ ሙስሊም አዛውንት ናቸው፤ በሽተኛን መጠየቅ ሙስሊም በሙስሊም ላይ ካለው ሐቅ አንዱ መሆኑን አስታውሰው፣ ወደ እኛ ዞረው የእናንተስ ወንጌል «ታምሜ ጠይቃችሁኛል» አይልም ወይ አሉ። ይላልና ዝም አልን። ስሙን «ለረጅም ሕመምተኞች የሚደረግ እገዛ» አልነው፤ የስኳርም፣ የአንጎል ምትም፣ የኩላሊትም ሕመምተኛ ስለሚገባበት ወደ ቤቱ ቅሬ የመጣበት ሰው ሁሉ ለሞት የታጨ አይመስልም። ለገንዘቡ ደግሞ ከቀብር በመቅረት የሚሰበሰበው ቅጣት ተመደበ፤ ከዋናው ካዝና አንድ ብር አልተነካም።

ቅሬ ሞርፊን ሊያድል አይችልም፣ ሊያድልም አይገባም፤ ያ የጤና ተቋማቱ ሥራ ነው፤ የሠለጠነ ነርስና የማያቋርጥ አቅርቦት በየጤና ጣቢያው እንዲኖር መጠየቅ ግን እንችላለን፤ ይህንኑ የሚጠይቅ ደብዳቤ ረቂቅ በእጄ አለ። በራሳችን አቅም የጀመርነው ግን ትንሽ ነው፤ ሴቶችም ወንዶችም የሌሊት ተራ ይገባሉ፣ መድኃኒት የሚያመጣ ወጣት ይመደባል፣ ደብተሩን መሙላት የማይችል ቤት ውስጥ ተማሪ ይላካል፣ ጠያቂ ከምሳ በኋላ ብቻ እንዲሆንና ከሕመምተኛው ፊት እንዳያለቅስ ይነገራል። ሁለት ወፍራም የስፖንጅ ፍራሽም ገዝተናል፤ በየሁለት ሰዓቱ ቢገለበጥም ቀጭን ፍራሽ ላይ የተኛ ሰው ጀርባው ሊቆስል ይችላልና። አንደኛው አሁን በሰው ቤት ነው። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ተጠቃሚ ሲመለስ አጥቦ በፀሐይ የማድረቁ ድርሻ የቤተሰቡ ይሁን ወይስ የቅሬው፣ ደሴ ደግሞ በክረምት ፀሐይ የምታይ ከተማ አይደለችም፣ በሚለው ላይ እስካሁን አልተስማማንም፤ ለሚቀጥለው ወር ስብሰባ በአጀንዳነት ይዤዋለሁ።